ከኮፓን ደረጃ እስከ ጨጨሆ ዳገት

ከጉና ተራራ ትከሻ ተነሥቶ የጋይንትን ደጋ እያቋረጠ ወደ ጨጨሆ ገደል የሚገሠግሠው ጐዳናና በስተ ደቡብ ከእስቴ ቆላ ተወርዶ ዐባይን ያሻግር የነበረው ጥንታዊ ድልድይ፣ ሁለቱም በየዘመናቸው ገዢን ከተገዢ ጋር ያነጋገሩ ሥራዎች ናቸው። ታላቅ ሥራ የሚጀምር ገዢ፣ ድንጋዩን ከማስነሣቱ አስቀድሞም ሆነ ሕንጻውን ከፈጸመ በኋላ፣ ያ ሁሉ ድካም ስለ ምን እንደ ሆነ ለደከመው ሕዝብ ማስረዳት ግድ ይሆንበታል። በዘመናችን ለዚህ ጉዳይ የሕዝብ ግንኙነት የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞለታል፤ በቀድሞው ዘመን ግን ይህን አገልግሎት ይፈጽሙ የነበሩት ጠራቢው፣ ሠዓሊው፣ አዝማሪው፣ አንዳንድ ጊዜም ንጉሡ ራሱ ነበሩ። የጋይንትንና የእስቴን ነገር በሚገባ ለመመዘን ታሪኩን ከሩቅ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ መጀመር ይበጃል፤ ስለ ሕንጻቸው በራሱ በሕንጻው ላይ መናገርን እንደ ማያና እንደ አዝቴክ የተካኑ ሕዝቦች ጥቂት ናቸውና። የዚያን አገር ዘመን በፈረንጆች አቈጣጠር፣ የእኛን ደግሞ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በእኛው አቈጣጠር እናወሳለን።

በዛሬዋ ሆንዱራስ ምድር በነበረችው ኮፓን በምትባለው የማያ ከተማ ላይ በ738 ታላቅ ኀፍረት ወደቀ። ዋሻክላሁን ኡባህ ካዊል የተባለው 13ኛው ንጉሧ፣ ሐውልት በማስቀረጽ ስመ ጥር የነበረው ሰው፣ የገዛ ገባሩ በነበረው በኪሪጓ ገዢ ተማርኮ አንገቱ ተቀላ። ከተማይቱ ለዓመታት አንዲት ሐውልት እንኳ ሳታቆም ዝም ብላ ኖረች። በ755 ግን 15ኛው ንጉሥ፣ የወገኖቹ ክብር የሚመለሰው በጦር ሳይሆን በጠራቢ መሮ መሆኑን የተረዳ ይመስላል፤ በአንድ ታላቅ ቤተ ጣዖት ፊት ከ2000 በላይ የሥዕል ፊደላት የተቀረጹበትን ደረጃ አስፈጸመ። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በእያንዳንዱ እርከን የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ ልደታቸውን፣ ሢመታቸውንና ዕረፍታቸውን እያለፈ ይወጣ ነበር፤ የተቀላውም ንጉሥ ሞት ከአርበኛ ሞት ተቈጥሮ በመካከሉ ገብቷል። ዜና መዋዕል በብራና ላይ ሲጻፍ ለለመድን ለእኛ፣ መጽሐፉ ራሱ ሕንጻ ሆኖ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

ድል አድራጊው የኪሪጓ ገዢም ዝም አላለም። በ771 ቁመቱ ከ10 ሜትር የሚበልጥ፣ ክብደቱ 60 ቶን ያህል የሚገመት አንድ ወጥ ድንጋይ አስነሥቶ የገዛ መልኩን አስቀረጸበት፤ ይህም ከማያ ሐውልቶች ሁሉ ታላቁ ነው። በዚያ አገር የጭነት ከብት አልነበረም፤ በመንኰራኵር የሚጐተት ሠረገላም አይታወቅም፤ ስለዚህ ያን ዐለት ካለበት አንሥቶ ካቆመበት ያደረሰው ገመድ የያዘ የሰው ክንድ ብቻ ነው። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው ግን የጐታቾቹ ስም አይደለም፤ የንጉሡ ስምና የዘመኑ ቍጥር ነው። ኮፓን በ776 የመለሰችው መልስ ይበልጥ ብልኀት ያለበት ነበር፤ የመጨረሻው ስመ ጥር ንጉሧ ያሽ ፓሳህ ባሠራው ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ መሠዊያ ዙሪያ 16ቱ የከተማይቱ ነገሥታት በየጐኑ አራት አራት ሆነው ተቀምጠው ይታያሉ፤ ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የመጀመሪያው ንጉሥ የሥልጣኑን ምልክት ለ16ኛው ሲያቀብል ተቀርጿል። መንግሥት እየደከመ ሲሄድ ቅርጹ እየተራቀቀ እንደሚመጣ ይህ ጥሩ ምስክር ነው፤ ከዚህ በኋላ ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ኮፓን ነገሥታቷን አጣች።

ከዚህ በኋላ አምስት መቶ ያህል ዓመታትን እንለፍና በ1325 በሜክሲኮ ሸለቆ ሐይቅ ላይ ተመሠረተች ወደምትባለው ወደ ቴኖችቲትላን፣ ወደ አዝቴኮች ርእሰ ከተማ እንምጣ። በመካከሏ የቆመው ታላቁ ቤተ ጣዖት አንዱ ለዝናም አምላክ፣ ሌላው ለጦርነት አምላክ የተሰጡ ሁለት መቅደሶች ነበሩት፤ አዲስ ንጉሥም ሲያሳድገው አሮጌውን አያፈርስም ነበር፤ አሮጌውን እንደ ነበረ በውስጡ ትቶ አዲሱን በላዩ ያለብሰዋል እንጂ። በዚህ አኳኋን ሰባት ጊዜ ታነጸ። በ1487 ንጉሥ አዊትዞትል፣ ወንድሙ ቲዞክ ጀምሮ ሞት የቀደመውን ዕድሳት ፈጽሞ ሲያስመርቅ፣ ሁለቱ ወንድማማች ፊት ለፊት ቆመው ከጆሯቸው ደም ለአማልክት ሲያፈሱ የሚያሳይ የምረቃ ድንጋይ አስቀረጸ፤ ዓመቱንም በሥሩ አስጻፈ። በበዓሉ ላይ የገባሮቹ አገሮች ባላባቶች ብቻ ሳይሆኑ ጠላቶቹም ተጠርተው ነበር፤ ሕዝቡ እንዳያያቸው በሌሊት ገብተው፣ ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጠው፣ የምርኮኞቹን መታረድ ተመልክተው፣ ሽልማት ተቀብለው በሌሊት ተሸኙ። ዲዬጎ ዱራን የተባለው የስፓኝ መነኵሴ የታረዱትን 80,400 ያደርሳቸዋል፤ የዛሬ ሊቃውንት ይህን ቍጥር አይቀበሉትም፤ ነገር ግን ከመጋረጃው ኋላ የተቀመጠው እንግዳ ወደ አገሩ ሄዶ የሚያወራው ወሬ ከእውነቱ እንዲበዛ መፈለጉ ግልጽ ነው።

ይኸው አዊትዞትል በ1499 ሌላ ሥራ ጀመረ። ከተማይቱ ውሃ አንሷት ነበርና ከኮዮአካን አገር ምንጭ ጠልፎ በቦይ ሊያመጣላት ቈረጠ። የኮዮአካን ባላባት ምንጩ ጠባዩ የማይታመን፣ አንዳንድ ጊዜም የሚያጥለቀልቅ መሆኑን ቢያስጠነቅቀው ንጉሡ ምክሩን ከዐመፅ ቈጥሮ አስገደለው። ቦዩ ተፈጽሞ ውሃው ሲገባ ካህናቱ የውሃዋን አምላክ ልብስ ለብሰው፣ መለከት እየነፉ፣ ዕጣን እያጠኑ ተቀበሉት፤ ለመታሰቢያም የንጉሡ መልክ የተቀረጸበት ድንጋይ ቆመ። ብዙም ሳይቈይ ውሃው ከልክ አልፎ ከተማይቱን አጥለቀለቃት፤ ቤቶች ፈረሱ፤ እርሻ ጠፋ፤ ንጉሡም ምንጩን ለማስደፈን ሌላ ብዙ ድካም ደከመ። የምረቃው ድንጋይ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ በላዩ ላይ ስለ ጐርፉም ሆነ ስለ ተገደለው ባላባት አንዳች ነገር አይገኝበትም። ከሁለት ዐሥር ዓመት ጥቂት አልፎ በ1521 ቴኖችቲትላን በስፓኞች እጅ ወደቀች፤ የቤተ ጣዖቱም ድንጋይ ለካቴድራል መሠረት ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጋይንት ምድር ቤተ ልሔም የምትባል ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከሩቅ የሚያያት ሰው ከማናቸውም የበጌምድር ደብር የማትለይ፣ ሣር የተከደነች ክብ ቤተ ክርስቲያን ትመስለዋለች። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በክቡ ሕንጻ መካከል ሌላ፣ አራት ማዕዘን፣ በጥሩ ጥርብ ድንጋይ የታነጸች የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል፤ ኋለኞቹ ትውልዶች አላፈረሷትም፤ ጣራ ደርበው ሸፈኗት እንጂ። ቶማስ ፓከንሃም የተባለው አየርላንዳዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1955 አይቷት ለውጭው ዓለም እስካወራላት ድረስ የኪነ ሕንጻ ተመራማሪዎች አያውቋትም ነበር። የቴኖችቲትላን ነገሥታት አሮጌውን በአዲስ የሸፈኑት የራሳቸው ሥራ ከቀደመው እንዲበልጥ ነበረ፤ የጋይንት ሰዎች ግን የሸፈኑት አሮጌው ከዝናምና ከውርጭ እንዲጠበቅ ነው፤ የሸፈነውም ሰው ስሙን በግድግዳው ላይ አላስቀረጸም። ይህ ሲባል ቤተ ልሔም አዋጅ ነጋሪ አልነበራትም ማለት አይደለም። የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ጉባኤ ናትና፣ ከጐጃም፣ ከወሎ፣ ከትግሬና ከሸዋ ደበሎውን ለብሶ ቍራሽ እየለመነ የሚመጣው ተማሪ፣ ዜማውን ዐውቆ ሲመለስ ስሟን በየደብሩ ያደርስ ነበር፤ ከማያ ደረጃ ፊደላት ይልቅ ይህ ወሬ ሳይዛባ ኖሯል ለማለት እደፍራለሁ።

በሥዕልም ረገድ የእኛ አገር ልማድ የተለየ ነው። የማያ ንጉሥ በሐውልቱ ላይ የታሰረ ምርኮኛ ረግጦ ይቆማል። በጐንደር ዘመን ግን ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ንጉሥ ወይም ወይዘሮ የሚሣለው በእመቤታችን ሥዕል ሥር ወድቆ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ፣ ሲማፀን ነው፤ በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ እንዲሁ ተሥላ ትታያለች። ትሕትናው እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ለማስቀደስ የመጣ ገበሬ ሁሉ ሕንጻውን ማን እንዳሠራው የሚያውቀው በዚያችው በወደቀችው ሥዕል መሆኑን ያሣለው ሰው ሳይረዳው አልቀረም። ለክብር ሲባል መውደቅም እንደ መቆም ያገለግላል።

ዐፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ የኖራ ሥራ በአገሩ ታውቆ በዐባይ ላይ ከጢስ እሳት ፏፏቴ በታች፣ አላታ በሚባለው ስፍራ፣ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ቆመ። ልጁ ዐፄ ፋሲል ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ሲነግሥ፣ የእስቴን ቆላ ከጐጃም ሞጣ የሚያገናኘውን ሁለተኛውን የዐባይ ድልድይ እንዳሠራ ይነገራል። የአገሩ ሰው ኖራው በእንቍላል እየተለወሰ ነው የተሠራው እያለ ያወራል፤ በየቤቱ ዶሮ ያለው ሁሉ ከድልድዩ ላይ ድርሻ እንዳለው የሚያስቈጥር ወሬ ነውና፣ ኬሚስት ምንም ይበል ምን፣ ወሬው ከማናቸውም የንጉሥ ዐዋጅ ይልቅ ሕዝቡን ከሥራው ጋር አዛምዶታል። ድልድዩ ለንጉሡ ሠራዊት ወደ ጐጃም መሻገሪያ ነበር፤ ለእስቴ ገበሬና ለሞጣ ነጋዴ ግን ዐባይ በሞላበት ክረምት ጭምር ከገበያ ወደ ገበያ መሄጃ ሆነ፤ ከሠራዊቱ ይልቅ ገበያው ስለ ጸና ድልድዩም በነገሥታት መለዋወጥ ሳይናወጥ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ኖረ።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከዚህ ሁሉ የተለዩ ነበሩ። ርእሰ ከተማቸውን ደብረ ታቦር አድርገው፣ በአጠገቧ በጋፋት ከስዊስና ከጀርመን የመጡትን ሚሲዮናውያን ባለሙያዎች አስቀምጠው፣ ወንጌል ከመስበክ ይልቅ ብረት እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። ባለሙያዎቹ መድፍ መሥራት እንደማያውቁ ቢናገሩም ንጉሡ ይህን መልስ አልተቀበሉም፤ ሲሞክሩ፣ ሲሳሳቱ፣ ደግሞ ሲሞክሩ ቈይተው በመጨረሻ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ታላቁ መድፍ ተፈጸመና ሴባስቶፖል ተባለ፤ ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ለአንድ ዓመት ያህል ከተከበበችው የመስኮብ ከተማ የተወሰደ ነው። በዚያን ጊዜ የበጌምድር ሕዝብ ሸፍቶ፣ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘው፣ ዋግሹም ጐበዜ በላስታ ተነሥተው ነበርና፣ ለንጉሡ ከመቅደላ አምባ በቀር የቀረላቸው ምሽግ አልነበረም። መድፉን ወደዚያ ለማድረስ ደግሞ መንገድ ያስፈልጋል፤ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለውም ምድር በቅሎ የሚያዳልጠው ገደል እንጂ ለመንኰራኵር የተፈጠረ አይደለም።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሠራዊታቸውን፣ የሠራዊቱን ቤተ ሰብ፣ እስረኞቹንና የጋፋትን ባለሙያዎች አስከትለው ተነሡ። ነጋዴ በጥቂት ቀናት የሚያልፈውን መንገድ ለመጨረስ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀባቸው። መንገዱ በጋይንት ደጋ አድርጎ ጨጨሆ ላይ ይደርሳል፤ ጨጨሆ ማለት ደግሞ የጋይንት ደጋ ከዋድላ አምባ ጋር የሚያያዝበት፣ ከሁለት ወገን ገደል ያለበት ጠባብ ዳገት ነው። የመድፎቹ ሠረገላዎች በጠፍር እየተጐተቱ፣ ለሴባስቶፖል ብቻ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ተሰልፈው፣ ድንጋዩ በባሩድ እየተሰነጠቀ፣ ሸለቆው እየተደለደለ፣ እርምጃ በእርምጃ ተጓዙ። ከጨጨሆ ወዲያ ዋድላ፣ ከዋድላ ቤተ ሖር፣ ከዚያ የጅዳ ገደል፣ ከጅዳ ደላንታ፣ ከደላንታ የበሽሎ ገደል ነበረና የጋይንቱ ዳገት ከመከራው ሁሉ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ዐይተው የጻፉ ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ንጉሡ ከንጋት እስከ ምሽት በገዛ እጃቸው ሲሠሩ መዋላቸው ነው። ድንጋይ ያነሡ ነበር፤ መሬት ይደለድሉ ነበር፤ ጐድጓዳውን ይሞሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ድንጋይ ተሸክመው እያሉ የትኛው ደጃዝማች ኩታውን ተከናንቦ በበቅሎው ላይ ይቀመጣል? የትኛውስ ወታደር ደክሞኛል ብሎ ጥላ ሥር ይገባል? ንጉሡ ካልበሉ ማንም አይበላም፤ ንጉሡ ካላረፉ ማንም አያርፍም ነበር። የኪሪጓ ገዢ ድንጋዩን ያስጐተተው በሌላ ሰው ክንድ ሆኖ የተቀረጸው የእርሱ መልክ ሲሆን፣ ቴዎድሮስ ግን መልካቸውን የሚቀርጽ ጠራቢ አላቆሙም፤ የመንገዱ ዐዋጅ በድንጋይ የቈሰለው የገዛ መዳፋቸው ነበር። በእኔ ግምት ከዐፄ ቴዎድሮስ በፊትም ሆነ በኋላ በአገራችን ታላቅ ሥራ ያሠራ ገዢ ሁሉ፣ ለሠራተኛው ከዚህ የበለጠ የሚያሳምን ንግግር አላደረገም።

ነገር ግን ይህ ንግግር የደረሰው ከመንገዱ ላይ ለነበረው ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሸንተረር ላይ፣ ከብቱን ወደ ቆላ አሽሽቶ፣ እህሉን በጉድጓድ ቀብሮ የሚመለከተው ገበሬ ያየው ሌላ ነገር ነው። ሠራዊቱ በደረሰበት አገር እህል ይኖራልና፣ ከየጐተራው የሚወጣው የገበሬው የዓመት ስንቅ ነበር፤ ቴዎድሮስ በመጀመሪያው ዘመናቸው ወታደር ገበሬን እንዳይዘርፍ በዐዋጅ ከልክለው የተመሰገኑ መሆናቸውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ለውጥ ከረኃቡ ይልቅ መራራ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ የቀረውን ወታደር፣ ከሰልፉ ያፈነገጠውን ተሸካሚ፣ ሽፍታውም ገበሬውም በየጥጉ እያደፈጠ ይመታው ነበር። አዊትዞትል የኮዮአካንን ባላባት አስገድሎ ቦዩን እንደ ፈጸመ፣ ቴዎድሮስም የሚቃወማቸውን ሁሉ አስጨንቀው መንገዱን ፈጸሙ፤ የውሃውን ጠባይ ነግሮት የተገደለው ሰው እዚያ አንድ ሲሆን፣ የሕዝቡን ጠባይ ለንጉሡ ሊነግር የሚደፍር እዚህ ማንም አልቀረም ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ የጦር አለቃ የሮበርት ናፒዬር ጦር በዚያው ወራት ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሌላ አቅጣጫ ይገሠግሥ ነበር። ይህ ጦር ከህንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖችና በወደቡ ላይ የተዘረጋ የባቡር ሐዲድ ብቻ ሳይሆን፣ የራሱ ፎቶግራፍ አንሺዎችና የጋዜጣ ወሬኞችም ነበሩት፤ ኒው ዮርክ ሄራልድ የላከው ሄንሪ ስታንሊ የመቅደላን ወሬ ከሁሉ አስቀድሞ ለዓለም አደረሰ። እንግሊዞች ዋድላ ሲደርሱ ቴዎድሮስ የሠሩትን መንገድ አገኙ፤ የጅዳንም ገደል የወረዱበትና ወደ ደላንታ የወጡበት በእርሱ ነው። ከጦሩ ጋር የነበረው የመልክዐ ምድር ሊቅ ክሌመንትስ ማርካም የመንገዱን ሥራ አድንቆ ጽፏል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው ዐረፉ፤ ናፒዬርም በአገሩ የመቅደላ ባሮን የሚል ማዕረግ ተቀበለ። በሎንዶን የታተመው ሥዕል ሁሉ የእንግሊዞቹን ሰልፍ፣ ዝሆኖቹንና የሚነደውን አምባ የሚያሳይ ሆኖ፣ በጨጨሆ ዳገት ድንጋይ የተሸከመውን ንጉሥ የሣለ ግን አልነበረም። ሴባስቶፖል በመቅደላ ቀረ፤ አምሳያው ከብዙ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆመ።

ስለ ጣልያን አምስት ዓመት ብዙ መናገር አያሻም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወራሪው ብዙ መንገድ ሠርቷል፤ በእያንዳንዱም ላይ ስሙን ለመጻፍ አልታከተም፤ ተርማ በር ላይ ያስቈፈረውን ዋሻ በሙሶሊኒ ስም ሰይሞት ነበር። የዐፄ ፋሲል ድልድይ ግን በዚያ ዘመን ሌላ ዕጣ ደረሰው፤ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከለኛውን ቅስት አፈረሱት፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ሰባራ ድልድይ ሆነ። ሦስት መቶ ዓመት የኖረ ሥራን ለአገር ሲሉ በገዛ እጅ መስበር ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠላት ተባሮ አገር ከተመለሰ በኋላ እርሱን የሚጠግን አለመነሣቱ ግን ለእኛ ለኋለኞቹ የሚያስመሰግን አይደለም። የእስቴና የሞጣ ሰው ከወዲህና ከወዲያ ቆሞ በገመድ እየተሳሳበ መሻገርን ልማድ አደረገው፤ ሰው ከገመዱ እያመለጠ ዐባይ የወሰደውም አለ።

ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 ፔኪንግ ሄደው ማኦን ካነጋገሩ በኋላ በተደረገው የርዳታ ስምምነት፣ ንጉሡ ከዙፋን ወርደው ደርግ በተተካበት ዘመን፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ጐዳና በቻይናውያን ተሠራ። የጋይንት ሰው በመንደሩ በር መኪና ሲያልፍ ያየው በዚህ ጊዜ ነው። መንገዱን የተዋዋለው ንጉሥና ያስጨረሰው መንግሥት ሁለቱም ስማቸውን ሊያስጠሩበት ይወዱ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የቻይና መንገድ ብሎት ቀረ። መንገዱን ከዳገቱ ላይ ሲቈፍር ባየው ሰው ስም መጥራቱ ነው፤ በዚህም ረገድ የጨጨሆ ዳገት ከዐፄ ቴዎድሮስ ወዲህ ጠባዩን አልለወጠም።

ይህ ጐዳና በሚሠራበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1978፣ በሜክሲኮ ከተማ የመብራት ኀይል ሠራተኞች ገመድ ለመቅበር ሲቈፍሩ ክብ ድንጋይ አገኙ፤ ስፋቱ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ፣ ክብደቱም 8 ቶን ያህል ነው። በላዩ የተቀረጸችው ኮዮልሻውኪ የምትባለው አምላክ ናት፤ በወንድሟ እጅ ተቈራርጣ ከተራራ የተጣለች ጠላት ሆና በታላቁ ቤተ ጣዖት ደረጃ ግርጌ ተቀምጣ ነበር፤ መቅደሱን የሚወጣ ሁሉ የጠላትን መጨረሻ አስቀድሞ እንዲያይ ማለት ነው። መንግሥት በላዩ የነበሩትን ቤቶች አስፈርሶ፣ ኤድዋርዶ ማቶስ ሞክቴሱማ በሚባለው አርኬዎሎግ መሪነት ሰባቱን ደርብ ሕንጻ አስቈፈረ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ቤተ መዘክር ተከፈተለት። ስፓኞች አፍርሰው የቀበሩትን የአዝቴክ ቃል ሜክሲኮ ለራሷ ክብር መልሳ አስነበበችው።

ሰባራው ድልድይም የቀረውን ጥገና ያገኘው በንጉሥም በመንግሥትም ሳይሆን በአንዲት ፎቶግራፍ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ዐባይ ጉዞ ባወጣው ጽሑፍ፣ በተሰበረው ቅስት በሁለቱ ወገን የቆሙ ሰዎች መንገደኛውን በገመድ ሲስቡ የሚያሳይ ሥዕል አትሞ ነበር፤ ኬን ፍራንትዝ የሚባል የግንባታ ሰው ይህን ሥዕል አይቶ አላስቀምጥ አለውና ማኅበር አቋቁሞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጥንታዊው ድልድይ በብረት ተቀጠለ። ነገር ግን ዐባይ እ.ኤ.አ. በ2005 ክረምት ከወትሮው በላይ ሞልቶ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው፤ አዊትዞትልን ያስጠነቀቀው ባላባት ይህን ቢሰማ ባልተደነቀ ነበር። ይህኛው ሠሪ ግን ከስሕተቱ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከቀድሞው ስፍራ ራቅ ብሎ፣ ጐርፍ በማይደርስበት ከፍታ፣ በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ አቆመ። የዐፄ ፋሲል ቅስቶች ከነስብራታቸው በቀድሞው ቦታ ቆመዋል፤ ከእስቴ በኩል፣ ዛሬ አንዳቤት ከሚባለው ወረዳ፣ ወደ ሞጣ ገበያ የሚወርደው ገበሬም በአዲሱ ድልድይ ይሻገራል፤ ከከብቱና ከከባድ ጭነቱ ጋር ሲሆን ደግሞ የዐባይን መጉደል ጠብቆ በመልካው ይሄዳል።